የአንድ ቀን ወንፈል

የሰማንያ ሰባት ክረምት ክፉ ነበር። ግንቦት ላይ የጀመረው ዝናብ እስከ መስቀል አላባራም። ጉና ተራራ ሥር ገብሱና አረሙ እኩል በቀሉ፤ በኋላ አረሙ በለጠ። ድንቹ እመሬት ውስጥ እንዳለ ሸተተ። በሐምሌ ተስቦ ገባ። ከየቤቱ ሰው ተኛ፤ ያልተኛውም የተኛውን ያስታምም ነበርና ወደ ማሳ የሚወርድ ጠፋ። ደሞዜ ከነሚስቱ በአንድ ቁርበት ላይ ወደቀ። በዚያ ሰሞን ጎረቤቱ በለጠች፣ ባሏን ከቀበረች ዓመት ያልሞላት፣ የራሷ ገብስ ሳይታረም ወደ ደሞዜ ማሳ ገባች። ከጠዋት ጀምራ ብቻዋን ስታርም ዋለች። ሲመሽ በደጁ በኩል አለፈች። ተስቦው ያስፈራ ነበርና አልገባችም። ከውጭ ሆና፣ «ደሞዜ፣ የአንድ ቀን ወንፈል አለብህ!» ብላ ጮኸች። እሱም ከተኛበት፣ «አለብኝ» አለ። ድምፁ ይሰማት አይሰማት አላወቀም። በዚያ ዓመት ቤቱ የገባው ገብስ እሷ ካረመችው ቦታ የተገኘው ብቻ ነው። ልጆቹ በእሱ ከረሙ።

ወንፈል ጉልበት በጉልበት የሚመለስ ብድር ነው። ለአጨዳ አጨዳ፣ ለአረም አረም። በብር አይመለስም፤ በእህልም አይመለስም። ደሞዜ በዓመቱ ደብረ ታቦር የትምህርት ቤት ዘበኝነት አግኝቶ ከነቤተሰቡ ሲወርድ ይህ ብድር አብሮት ወረደ። ክረምት በመጣ ቁጥር ፈቃድ እየጠየቀ ወደ ጉና ይመለስ ነበር። አንዱን ዓመት ሐዘን ላይ አገኛት፤ ሐዘንተኛ ቤት ወንፈል አይቆጠርም። ከዚያ በኋላ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ አገኛት፤ በእኩል አራሽ ማሳ ላይ ቢያርም ለአራሹ እንጂ ለእሷ አይሆንም። አንድ ጊዜ ጭንቅ ብሎት አንድ ጆንያ ገብስ በአህያ አስጭኖ ላከላት። አህያዋ ከነጭነቷ ተመለሰች። ሚስቱ ሞተች፤ ልጁ ደጀን ተምሮ ባንክ ገባ፤ እሱም ጡረታ ወጣ። ማንም የደሞዜን ደጅ ለብድር አንኳኩቶ አያውቅም። ይህን እሱም ያውቃል፤ ሰውም ያውቃል። ሲጋራ የማያጨስ፣ ዱቤ የማይበላ፣ የዕድር ክፍያ ቀን የማያሳልፍ ሰው ነበር። ያቺ አንዲት ቀን ግን ነበረች።

አሁን የካቲት ነው፤ ጾም ገብቷል። ደሞዜ ኪዳን አድርሶ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲወጣ ጧፍ ከሚሸጡት ሴቶች ሁለቱ ሲያወሩ ሰማ።

«የበለጠችን ጓሮ ልጅቱ ሊሾ ልታስደርገው ነው አሉ።»

«ምነው? የሰው ጓሮ ጎመን ይበቅልበታል እንጂ…»

«ሰርዶ አስቸገራት። ነገ ግንበኞቹ ይገባሉ። አሸዋው ትናንት ተራግፏል።»

«አሮጊቷስ ምን አለች?»

«ምን ትላለች? ቤቱ የልጅቱ። በረንዳው ላይ ተቀምጣ አሸዋ ሲራገፍ ስታይ ዋለች።»

ደሞዜ ባለበት ቆመ። በለጠችን ልጇ ትሕትና ወደ ከተማ ያመጣቻት በኅዳር ነው። ልጅቱ ሪያድ ብዙ ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ባመጣችው ገንዘብ አምና በሰኔ ያንን ቤት ገዛች። ደሞዜ ቤቱ ጓሮ እንዳለው ሲሰማ ደስ ብሎት ነበር። አረም የክረምት ሥራ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ሄዶ ቀኑን ይመልሳል፤ ይህን አስቦ ነበር የተቀመጠው። የገጠሩ መሬት ዛሬ የወንድሟ ልጆች ይዘውታል። በዚህ ዓለም ለበለጠች የቀራት አፈር ያ ጓሮ ብቻ ነበር። ነገ ሲሚንቶ ከፈሰሰበት ደግሞ ብድሩን የሚመልስበት መሬት የለም። ባለ ዕዳ ሆኖ ይሞታል ማለት ነው።

ወደ ቤት ገብቶ ከበሩ ኋላ መቆፈሪያውን አወጣ። ብረቱ ተበልቶ ቢያጥርም እንጨቱ የጉና ወይራ ነው። ደጀን ፊቱን ሲታጠብ የውሃው ድምፅ ይሰማል። ሐኪሙ ስለ አባቱ ደም ግፊት የተናገረውን አንሥቶ ይከለክለው ይሆናልና ሳይነግረው ወጣ። በአስፋልቱ ዳር፣ ባጃጆቹ መንገደኛ በሚጠብቁበት በኩል ሄደ። አንዱ የባጃጅ ነጂ፣ «አባ፣ ቁፋሮ ነው? ላድርስዎት!» አለው። «እግር አለኝ» ብሎ አለፈ።

የትሕትና ቤት ከመንገዱ ገባ ይላል። ግቢው ፊት ለፊቱ ሴራሚክ ነው፤ በየጠዋቱ በውሃ ታጥበዋለች። ሳሎኗ ውስጥ ሶፋዎቹ ገና ላስቲካቸው አልተገፈፈም። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ፤ በላዩ ነጠላ መስሎ የተሠራ ዳንቴል ተጥሎበታል። ሁሉም ነገር የታጠበና የተወለወለ ነው፤ በሰው እጅ ሲጸዳ የኖረ ቤት እንጂ የሰው ሀብት የተከመረበት ቤት አይመስልም። በሩ ላይ አሸዋው ተቆልሏል። ከቤቱ ኋላ ግን ጓሮው አለ። ጓሮው አረንጓዴ ነበር፤ በየካቲት ደረቅ አረንጓዴ የሆነ መሬት ሁሉ መልካም አይደለም።

በለጠች በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደክሟል። ሰውን የምትለየው በድምፁ ነው።

«እንዴት አደሩ እትዬ በለጠች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ደሞዜ ነህ?»

«ነኝ። ቀንዎን ልመልስ መጣሁ።»

ልጇ ከኋላዋ መወልወያ ይዛ ቆማለች።

«በየካቲት?» አለች አሮጊቷ።

«ክረምት የለም። ነገ ሲሚንቶ ነው አሉ።»

«ነው አሉ» አለች በለጠች። ስለ ሌላ ሰው ቤት የምታወራ ትመስል ነበር። ትሕትና መወልወያውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ደሞዜ እናትና ልጅ ስለ ጓሮው ተነጋግረው እንደማያውቁ ከዚህ ተረዳ።

«የጾም ቀን ነው» አለች በለጠች። «ሆድህ ባዶ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ግማሽ ቀን አልቀበልም።»

«ግማሽ ቀን አላመጣሁም።»

«እንግዲያስ ግባ።»

ሰርዶ ከላይ ሲያዩት ሣር ነው። ከሥር ሲቆፍሩት ገመድ ነው። መሬት ለመሬት ይሳባል፤ በየአንጓው ሥር ይሰዳል፤ ቢቆርጡት ቁራጩ ራሱን ችሎ ይኖራል። ትሕትና ቤቱን በገዛች ሰሞን አንድ የቀን ሠራተኛ አስገብታ ጓሮውን በዶማ አስቆፈረች። ሠራተኛው ሰርዶውን ከትፎ ከትፎ ከአፈሩ ጋር አዋሐደው፤ ዝናብ ሲመታው እያንዳንዱ ቁራጭ ብቅ አለ። ጎመን ዘራች፣ ሰርዶው ቀደመው። ጋሳይ በሚባለው ገጠር ያለ ዘመዷ ስንዴው ላይ የሚረጨውን ፀረ አረም በጠርሙስ ላከላት። ስትረጨው ጎመኑ ተጠብሶ ወደቀ፤ ሰርዶው አልተነካም። የስንዴ መድኃኒት ስንዴ የሚመስለውን ይምራል። በዚያን ቀን ይመስላል ተስፋ የቆረጠችው። ሪያድ የነበረችበት ቤት ግቢው ሁሉ ንጣፍ ነበር፤ ሁለት ባልዲ ውሃ ሲያፈሱበት ያበራ ነበር። እዚያ ቤት ሳለች የራሷን ግቢ ስታስብ እንደዚያ አድርጋ ነበር የምታስበው። ጭቃ የገባበት ሕልም አልነበራትም፤ ጭቃውን ለመሸሽ ነው የሄደችው።

ደሞዜ በጓሮው ግንብ ጥግ ካለው መደብ ጀመረ። ጎመኑ ያለቀበት ቦታ ነው። ሁሉን በአንድ ቀን እንደማይጨርስ ያውቃል። ያቺን መደብ ግን ጽዱ አድርጎ ይተዋታል። መቆፈሪያውን በጥልቀት ይተክላል፤ በክብደቱ ተጭኖ ጓሉን ይገለብጣል፤ ከዚያ ተንበርክኮ ጓሉን በእጁ ይፈረፍራል። ሥሩን አይበጥሰውም፤ የመጣበትን እየተከተለ ይስበዋል። አንዳንዱ ሥር ከግንቡ ሥር ተነሥቶ መሐል ጓሮ ድረስ ይሄዳል። ያወጣውን እመሬት ላይ አይጥለውም፤ ፀሐይ ላይ በተዘረጋ አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ያከማቸዋል። አፈር ያልነካ ሰርዶ በየካቲት ፀሐይ ይሞታል። አፈር ከነካ ግን በጥላም ይኖራል።

ትንሽ እንደሠራ በለጠች በርጩማዋን በአንድ እጇ፣ ምርኩዟን በሌላው ይዛ መጣች። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ እሱ የፈረፈረውን አፈር እንደገና በጣቶቿ ማበጠር ጀመረች። ባለ ማሳው ከወንፈለኛው ጋር አብሮ ይሠራል፤ ደንቡ ነው። ዓይኗ የማያየውን ጣቷ ያገኘዋል። ጥፍር የምታህል አንጓ ስታገኝ በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ እሱ ትዘረጋለች።

«ደሞዜ፣ ይቺን ለማን ተውሃት?»

«ለልጅዎ ሲሚንቶ።»

«አርጅተሃል፤ ታውቃለህ። ድሮ ከኋላህ የሚለቀም አልነበረም።»

«ድሮ እርስዎ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አያርሙም ነበር።»

ሣቀች። ትሕትና ይህን ሣቅ ከበረንዳው ሰማች። እናቷ ከመጣች ጀምሮ እዚያ ቤት እንደዚያ ስቃ አታውቅም። ቴሌቪዥን ከፍታላት ነበር፤ ለስላሳ ፍራሽ ገዝታላት ነበር፤ ሥራ እንዳትነካ ከልክላት ነበር። እናቷም ሁሉን «ተባረኪ» እያለች ትቀበል ነበር፤ ከዚያም ዝም ትል ነበር። ትሕትና ልብስ ለማስጣት መስላ ወደ ጓሮው ወጣች። ልብሱን አስጥታ ስትጨርስም ባዶውን ባልዲ ይዛ እዚያው ቆየች።

ረፋዱ ላይ ደሞዜ ቀና ብሎ ወገቡን ሲያፍታታ ልጅቱ ጠጋ አለችው። በእጇ የታጠፈ ብር ይዛለች።

«አያ ደሞዜ፣ ይቺን ይያዙልኝ። ለድካምዎ።»

ብሩን አየው፣ እሷንም አያት። አልተቆጣም።

«ልጄ፣ ይህን ከያዝሁ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ላንቺ ሆነ። ለእናትሽ ምንም አልሆነም።»

ትሕትና በሰው ቤት ስትሠራ የወሯን ደመወዝ በሁለት እጇ ነበር የምትቀበለው፤ ብር እንዲህ እንደሚያሳፍር ወዲያው አልገባትም። ፊቷ ግን ቀላ። ብሩን መቀነቷ ውስጥ መለሰችና ቆርቆሮው ላይ የተከመረውን ሰርዶ በእጇ ታሰጣው ጀመር። ማንም አላዘዛትም።

በምሳ ሰዓት ደጀን ጠያይቆ መጣ። ነጭ ሸሚዝና ጥቁር ጫማ አድርጓል፤ የባንኩ መታወቂያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጠዋት አንድ የሥራ ባልደረባው አባቱን መቆፈሪያ ተሸክሞ ሲሄድ አይቶት ኖሮ፣ በሰው ፊት «አባትህ የቀን ሥራ ጀመሩ እንዴ?» ብሎት ነበር። ከዚያ ጀምሮ የቆጠረውን ብር ሁለት ጊዜ ነው የቆጠረው።

«አባ፣ ይነሡ እንሂድ» አለ።

«አልጨረስሁም።»

«ሐኪሙ ያለዎትን ረሱት? በጾም ሆድ! በዚህ ፀሐይ! ነገ ሲሚንቶ ለሚፈስበት መሬት!»

«የነገው የእነሱ ነው። የዛሬው የእኔ ነው።»

ደጀን ወደ በለጠች ዞረ። ለሽማግሌ የሚገባውን ቃል ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«እማማ በለጠች፣ እርስዎ አንድ ቃል ይበሉ። ምሬሃለሁ ይበሉት። ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ነው። ካልማሩት አይነሣም፤ ያውቁታል።»

ትሕትናም አብራ ለመነች። «እማ፣ እባክሽ። ሰውዬው ቢወድቁብንስ?»

በለጠች እጇ አላረፈም። አፈሩን እያበጠረች ነበር።

«አልምርም» አለች።

ደሞዜ አጎንብሶ ሥራውን ቀጠለ።

«ይቅርታ ለበደለ ነው» አለች። «አባትህ ምን በደለኝ? ቀን አለብኝ አለ፣ ቀኑን ይዞ መጣ። እኔ ምሬሃለሁ ብዬ ልስደደው? ለማኝ ነው? ያን ጊዜ እኔ ሲመሽ ነው ከገብሱ የወጣሁት። የራሴ ገብስ አረም ሲበላው እያየሁ። ማንም ምሬሻለሁ አላለኝም።»

«ሁለት ሰው ልቅጠር እንግዲያው። ዛሬውኑ ይጨርሱልዎታል።»

«የተቀጠረ እጅ አይቆጠርም። ከቤቱ የወጣ እጅ ይቆጠራል።»

ደጀን ጫማውን አየ። ከዚያ ሰዓቱን አየ። የባንኩ መስኮት ላይ ሰዎች ይጠብቁታል። አባቱ ቀና ሳይል፣ «ሂድ። ሥራህ ላይ ሰው አታስጠብቅ» አለው። ቁጣ አልነበረበትም። ልጁ የሚጠበቅ ሰው መሆኑን ሲናገር እንዲያውም ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር። ደጀን ጥቂት ቆሞ ሄደ። በሩን ሲዘጋው አልተሰማም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጾም ፈቱ። ወንፈለኛን ባለ ማሳው ያበላል። ትሕትና ሳሎን ውስጥ ማዕድ ልታቀርብ ነበር፤ እናቷ «እዚህ ነው የሚበላው» አለቻት። ሽሮና ስልጆ መደቡ ዳር ቀረበ። ደሞዜ እጁን ታጥቦ በላ፤ ብዙም አልበላም። ከጠላው አንድ ጣሳ ጠጣ። ሁለተኛው ሲቀዳለት እጁን ጣሳው ላይ ጫነ።

ወደ አሥር ሰዓት ግንበኛው ሞላ ለነገው ሥራ ልኬት ሊወስድ መጣ። ወሬኛና ተጫዋች ሰው ነው። ሲባጎና ችካል ይዞ ጓሮውን ሲዞር ሽማግሌውን አፈር ውስጥ ተንበርክኮ አገኘው።

«አባ፣ ሰርዶ ነቅሎ የጨረሰ ሰው አይተው ያውቃሉ? እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል ብላ አህያ እንኳ ለምና አልሆነላትም!»

«አህያዋ ሰነፍ ነበረች» አለ ደሞዜ።

«እኔ ነገ አርማታዬን አፈስበታለሁ፤ በዚያው አበቃ።»

«እኔ ዘበኛ የነበርሁበት ትምህርት ቤት በር ላይ ሂድና እይ። አርማታውን ሰንጥቆት ወጥቷል።»

«ያንን ያፈሰስሁት እኔ አይደለሁም!» አለ ሞላ፤ አሳቃቸው። ችካሉን እየመታ ሲባጎውን ከግንቡ እስከ ቤቱ ጥግ ወጠረ። ሲባጎው ደሞዜ ባጸዳው መደብ ላይ አለፈ። አፈሩ ጥቁር ነበር፤ ተበጥሮ፣ ተደልድሎ፣ አንዲት አረንጓዴ ነገር ሳይኖርበት። ከመደቡ ውጭ ያለው ጓሮ ሁሉ ሰርዶ ነበር። በለጠች ሲባጎው በጉልበቷ ላይ ሲያልፍ ተሰማት። በጣቷ ዳሰሰችው።

ትሕትና ያንን ጣት አየች። ከዚያ፣ «ሞላ፣ ችካሉን ወደዚህ አምጣው። ከመደቡ ወዲህ ይሁን» አለች።

«ኋላ ቅር እንዳይልሽ፤ ሊሾው ጎዶሎ ይሆናል።»

«ጎዶሎ ይሁን።»

እናቷ ቀና ብላ ወደ ልጇ ድምፅ ዞረች። አላመሰገነችም። «ከዚያ ከጥጉ ያለው አልተለቀመም፤ እጅሽን ስጪኝ» አለቻት። ትሕትና እጅጌዋን ሰብስባ ቁጢጥ አለች። እናቷ እጇን ይዛ አፈሩ ውስጥ ከተተችውና አንጓው ያለበትን በጣቷ አሳየቻት።

ቀኑ ቀዘቀዘ። ከጓሮው በስተ ምዕራብ አዲስ የተሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ አለ፤ ፀሐይ ወደ ፎገራ ስታዘቀዝቅ ጥላው መጥቶ ጓሮውን ዋጠው። ሞላ ሲባጎውን ጠቅልሎ፣ «አበቃ አባ፣ ፀሐይዋ ጠልቃለች! እግዚአብሔር ያበርታዎ!» አለ። ትሕትናም ፈጥና ተነሣች። መታጠቢያ ውሃ ልታመጣ ነበር።

ደሞዜ ግን መቆፈሪያውን እንደገና ተከለ። ከመደቡ የቀረችው አንድ ክንድ የምታህል የግንብ ሥር ናት። ሁለት ጊዜ ቢጫነው ብረቱ አልገባም። በሦስተኛው ገባ።

«የፎቅ ጥላ ነው እንጂ ምሽት አይደለም» አለ። ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። «የእኛ ቀን የሚያልቀው ፀሐይ ጉናን ስትለቅ ነው።»

እንደዚያ ነው። ጉና ሥር የኖረ ሰው ማታን የሚለካው በሸለቆው ጥላ አይደለም፤ ሸለቆው ቀድሞ ይጨልማል። በተራራው አናት ላይ ብርሃን እስካለ ድረስ ቀን ነው፤ ወንፈለኛም አይነሣም። በለጠች ይህን ታውቃለች። ራሷን ወደ ምሥራቅ አቀናች። ዓይኗ ግን ከግንቡ አያልፍም።

«ጉና ላይ ፀሐይ አለ?» ብላ ጠየቀች።

ለማን እንደጠየቀች አልታወቀም። በዚያን ጊዜ ደጀን ከሥራ ወጥቶ መጥቶ በጓሮው በር ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ ማንም አላየውም። እሱ ከቆመበት በግንቡ ላይ አሻግሮ ተራራው ሁሉ ይታያል። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፤ ከአባቱ በቀር። አባቱ ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጥቶታል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፤ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ትሕትና ደጀንን በዓይኗ ለመነችው። አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈልገው፤ «የለም» ቢል ሽማግሌው ይነሣል። አሮጊቷ አታይም። ሞላ አይናገርም።

ደጀን ተራራውን አየ። ታችኛው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። አናቱ ላይ ብቻ ቀይ ብርሃን አለ።

«አለ» አለ።

ደሞዜ ወደ ኋላው አልተመለከተም። ለጥቂት ጊዜ እጁ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ሥሩ ከግንቡ ድንጋይ ሥር ገብቶ ነበር። ሳይበጥስ፣ በግራ በቀኝ አፈሩን በጣቱ እየፋቀ ተከተለው። ማንም አልረዳውም፤ ማንም ተው አላለውም። ሞላ እንኳ ሊሄድ ተነሥቶ ሳለ ሳይሄድ ቀረ። ደጀን ጥቁር ጫማውን አፈሩ ውስጥ አስገብቶ፣ ዓይኑን ከጉና ሳይነቅል ቆመ። ለባንኩ ሰዎች ነገ ምን እንደሚል ያውቅ ነበር። ወንፈል ሲመልስ ዋለ ይላቸዋል። ያልገባው ካለ ያስረዳዋል።

ሥሩ ወጣ። ከሰው ቁመት ይረዝማል። ደሞዜ በሁለት እጁ ይዞ ቆርቆሮው ላይ አኖረው። ጉድጓዱን መልሶ ደለደለው፤ አፈሩን በመዳፉ እኩል አደረገው። ሌላ የሚነቀል ፈለገ፤ አጣ።

«ለቀቀች» አለ ደጀን ከበሩ።

ደሞዜ በመቆፈሪያው ተደግፎ ተነሣ። ለመቆም ጊዜ ወሰደበት። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ብሎ ቆመ፤ አልደገፈውም። በለጠችም ምርኩዟን ይዛ ተነሣች። ተቀምጦ የሚባል ነገር አይደለምና ቆማ ነው የተናገረችው። ድምፅዋ ግንቡን ተሻግሮ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

«ደሞዜ! ወንፈልህን ተቀብያለሁ!»

«ተቀበሉ?»

«ሙሉ ቀን ተቀብያለሁ። ጎዶሎ የለውም። ልጅህ ምስክር ነው።»

ደሞዜ ጋቢውን ከግንቡ ላይ አንሥቶ ለበሰ። ጫፉን አስተካከለ። ከዚያ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ለማንም በተለይ ሳይናገር፣ «የሰው ነገር የለብኝም» አለ።